ኅዳግ

በፖርቶ ሞንት ወደብ ዝናብ ሥራ አይፈታም፤
ቢመታ ቢመታም ቆርቆሮው አይረታም።
የሰው ልጅ አጥንቱ ሁለት መቶ ስድስት፣
ለፈተናው ደግሞ የቀረኝ ቀን ስድስት።

አነባለሁ እንዴ? የለም፣ አሰምራለሁ፤
ገጽ እቀይሳለሁ፣ ኅዳግ እለካለሁ፦
በግራ ጠበብ ያለ፣ ለጥያቄ የሚሆን፣
በቀኝ ሰፋ ያለ፣ ማስታወሻ እንዲሆን፣
ከግርጌው አራት ጣት፣ ለማጠቃለያ፣
ከራስጌው ትንሽ ሳጥን፣ ለቀን መለያ።
አረንጓዴው ቀለም ለትርጉም፣ ቀዩ ለስም፣
ሰማያዊው ደግሞ... ለምን እንደሁ አላውቅም።
ያምራል ብቻ።

ማዕዘኑ ላይ ደግሞ አራት ክብ ሣልሁበት፣
ክለሳዬን ስጨርስ ላጠቁርበት፦
አንዱ በማግስቱ፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን፣
ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በወር።
(በወር! ፈተናው ሐሙስ ሆኖ ሳለ።)
ገጹ አማረ፤ ባዶ፤ ልክ እንደ ሙሽራ ቤት
ወንበሩ ተደርድሮ ሰው እንዳልገባበት።

ሊሳንድሮ መጣ፣ አየው ጎንበስ ብሎ፣
የቤት ኪራዩን እኩል ከፋዬ፣ ምላሰ ስሎ፦
«ቆንጆ ነው ገጽህስ፣ እንከን አላይበት፣
አጥንት ብቻ ነው እንጂ የሚጎድልበት።»

ቅዳሜ ማለዳ ወረድሁ ወደ አንሄልሞ፣
ጀልባው ደርሶ ነበር መርሉሳ ተሸክሞ።
አክስቴ ኤሌዮዶራ ትምህርት ያቆመች
ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ዱቤ ግን ትሰጣለች።
ከሚዛኗ ሥር ነው መዝገቧ የሚኖር፣
ሽፋኑ የዓሣ ስብ፣ ጥራዙ የመረብ ክር።

ገለጥሁት። በግራ ስም፤ ስምም አይደል እንኳ፦
«ባለ ቀዩ ጃኬት»፣ «የባስቲያን አማት»፣
«ያቺ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምትጭን»።
በቀኝ ኪሎው፣ ቀኑ፣ የገባላት ቃል፤
ከግርጌ አንድ መስመር፦ «ይሄ ሰው ይከፍላል።»
ወይም ደግሞ፦ «ይሄኛው... እሱ ይወቀው ባይ፣ ያባብላል።»

ጠዋት፣ ገበያተኛ ሳይመጣ በፊት፣
ቀኙን በመዳፏ ትከድናለች ለጥቂት።
«ጃኬቱ?» ትላለች ራሷን። «ሦስት ኪሎ፣ የረቡዕ ለት።»
መዳፏን ታነሳለች። ልክ ነው።
ልክ ያልሆነ ለት በእርሳስ ነጥብ ትጥላለች፣
ያንን ሰው ነገም፣ ከነገ ወዲያም ትጠይቃለች፤
ሳትሳሳት ያወቀችውን ግን እስከ እሑድ ትተወዋለች፣
ያወቁትን ደጋግሞ መጠየቅ ጊዜ መፍጀት ነው ትላለች።

«መስመሩን በምን አሰመርሽ?» «በቢላዬ ጀርባ።»
«ጠማማ ነው እኮ።» «ይጣመም! ዕዳው ቀጥ ብሎ ሲገባ!»

ሦስት ሌሊት የደከምሁበትን ገጽ አሳየኋት።
እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጠረገች እንጂ አልጠራላትም፣
ዳሰሰችው፤ አውራ ጣቷ ታተመ፣
ቅባቱ ከሰማያዊው መስመር አልፎ ሰመጠ፣ ከረመ።
ልቆጣ ፈለግሁ። ግን የጣቷን ዐሻራ ሳይ
እንዳልቆሽሽ የፈራሁት ቆሻሻ አሁን በገጼ ላይ፣
ቆሸሸ አይደል? እንግዲህ ይጻፍበት።

በግራ ጻፍሁ፦ «የእጅ አንጓ ስንት አጥንት አለው?»
መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርሷ አንጓ ላይ ፈለግሁት፣
አርባ ዓመት ቅርፊት ከጠረበው፣ ውርጭ ካበጠው፣ ካቆሰለው፤
«ምን ትቆጥራለህ?» አለችኝ፤ ስምንት ናቸው፤ ሰባቱን አገኘሁት።
ስምንተኛው እስከ ዛሬ ይሰወረኛል፤
በጎኑ የእርሳስ ነጥብ፣ ነገም ይጠየቃል።

ደንበኛ ጮኸ፣ ሚዛኑ ዞረ፣ ዝናቡ በረታ፤
እኔ ዓሣ ልጠቀልል ዞር ባልሁበት አፍታ
እርሳሴን አንስታ፣ ከግርጌ ካለው ባዶ ቦታ
በዚያ በጠማማ እጇ ጽፋ አገኘኋት፦
«ይሄ ልጅ... እስከ ሐሙስ ይታያል።»